እጁስ ረክሷል፣ የሚያስተካክለውስ?

ካይሮ ውስጥ ከሚገኙት ጥንታዊ ቅርሶች አንዷ ከእንጨትና ከቆዳ የተሠራች የእግር አውራ ጣት ናት። ዕድሜዋ ወደ 3000 ዓመት ይጠጋል። ከሉክሶር ማዶ፣ ሼክ አብድ ኤል ቁርና ከሚባለው የመቃብር ስፍራ የተገኘች ስትሆን፣ ባለቤቷ የካህን ልጅ ነበረች። ጥፍሯ ሳይቀር ተቀርጿል። እ.ኤ.አ. በ2017 የባዝል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕና በራጅ መርምረው፣ ለባለቤቷ እግር እንድትስማማ ደጋግማ መስተካከሏን ደረሱበት።

ከጥበቡ ይበልጥ እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ሴትዮዋ በቆረቆራት ቁጥር የምትሄድበት ባለሙያ ነበራት ማለት ነው።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ ጣቶቹን በመጋዝ ያጣው ደቡብ አፍሪካዊ አናጺ ሪቻርድ ቫን አስ ከአሜሪካዊው አይቫን ኦወን ጋር የሠራውን የሰው ሠራሽ እጅ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ2013 ለዓለም በነጻ ለቀቀው። ኢኔብል የተባሉት በጎ ፈቃደኞችም ተቀብለው አስፋፉት። ዛሬ ንድፉን አውርዶ 3ዲ ፕሪንተር ያገኘ ሁሉ ያትመዋል። እኔ ባለሁበት ግብፅም፣ ጊዛ ያለው ፋብ ላብ ኢጂፕት የተባለ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። ለአንድ እጅ የሚያስፈልገው ቁሳቁስ ዋጋ 50 ዶላር ገደማ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የእጅ አንጓ ሲታጠፍ ክሩ ይሳብና ጣቶቹ ይጨብጣሉ፤ ሲቃና ላስቲኩ መልሶ ይዘረጋቸዋል። አንጓ የሌለው ሰው ግን ሌላ ዓይነት ንድፍ ይፈልጋል። ዋናው ጣጣ የሚመጣው ደግሞ ኋላ ነው። ልጅ ያድጋል፤ ዘንድሮ ልኩ የሆነው ለከርሞ ይጠበዋል። ክር ይበጠሳል። ብዙዎች የሚያትሙበት ፒኤልኤ የተባለው ፕላስቲክ ደግሞ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር፣ በካይሮ የበጋ ፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተረሳ ይጣመማል። ያን ጊዜ የሚለካው፣ የሚያጠብቀው፣ እንደገና የሚያትመው ሰው ከሌለ 50 ዶላሩም ውድ ነው።

ይህን የምጽፈው በውጭ ላለን ወገኖች ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ከተካሄደው ጦርነት በኋላ ለአገር ቤት 3ዲ ፕሪንተር ገዝተን እንላክ የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ይነሳል። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ከመላካችን በፊት ባሕር ዳርና ደሴ ያሉትን የአካል ተሐድሶ ማዕከላት ምን እንደጎደላቸው እንጠይቅ። ካዋጣነው ገንዘብ ላይ ለባለሙያ ሥልጠና፣ ለደሞዝና ለመለዋወጫ እናስቀር። ታካሚው ከገጠር ተመልሶ የሚመጣበትን የትራንስፖርት ወጪም እናስብበት። ያለዚያ በላክነው ማሽን የታተመው እጅ የሚያገለግለው ፎቶ እስክንነሳ ብቻ ነው።