የላሊበላ ፎቶዎ ካሜራው ውስጥ እንዳይቀር

ገናን ላሊበላ ለማክበር ከተነሱ ጋቢዎንና ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ቆሎ እንዲይዙ ማንም ሊያስታውስዎ አይገባም። የምትረሳው ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጠው ካርድ ሪደር ናት። እሷንም ሻንጣዎ ውስጥ ያስገቡ።

ላሊበላ ከደረሱ በኋላ ጣትዎ ከካሜራው ላይ አይነሳም። ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በእግር የሚዳረሱ ናቸው። ከሌሎቹ ለብቻው ወደቆመው ቤተ ጊዮርጊስ ሲቃረቡ ሕንጻው ከእግርዎ በታች ነው፤ መጀመሪያ የሚታየው ጣሪያው ላይ የተቀረጸው መስቀል ነው። እናትዎን ከአፋፉ ራቅ አድርገው አቁመው ያንሷቸው፤ ጠርዙ አጥር የለውም። በገና ጠዋት ደግሞ በጊዜ ወደ ቤተ ማርያም ይሂዱ። «ቤዛ ኩሉ» ሲዜም ነጭ የለበሱት ካህናት ግማሾቹ ከላይ አለቱ ጫፍ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ግቢው ውስጥ ሆነው እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ይህን ለማየት ቀናት በእግራቸው የተጓዙ ምዕመናን አጠገብዎ ቆመዋል።

አሁን ወደ ካሜራው እንምጣ። ርካሽ ከሆኑት መካከል ካርድ የሌላቸው፣ ፎቶውን የሚይዙት ባትሪው እስካለ ድረስ ብቻ የሆኑ አሉ። ባትሪው ሲሞት ፎቶውም አብሮ ይጠፋል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ብርድ ደግሞ ባትሪ ያደክማል። ካሜራዎ የዚህ ዓይነት ከሆነ በደረት ኪስዎ ይያዙት፣ ፎቶውንም በዚያው ቀን ያውጡ።

ካርድ ያለው ከሆነ ግን ገመዱን እርሱት። ሆቴሉ ወይም ኢንተርኔት ካፌው ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ካሜራውን «አላውቀውም» ሊል ይችላል፤ የሚፈልገው ድራይቨር ያለበት ሲዲ ቤትዎ ካርቶኑ ውስጥ ቀርቷል፤ ቢገኝም ለድሮ ዊንዶውስ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ካሜራውን አጥፍተው ካርዱን ያውጡና ሪደሩ ላይ ይሰኩት። ኮምፒውተሩ እንደ ማንኛውም ፍላሽ ያየዋል፤ ፎቶዎቹም «ዲሲአይኤም» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ናቸው።

እዚህ ላይ የምትመጣ አንዲት ክፉ ጥያቄ አለች። ካርዱ ሲሰካ ኮምፒውተሩ «ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም፤ አሁን ላድርገው?» ብሎ ሊጠይቅዎ ይችላል። አይሆንም ይበሉ! አዎ ካሉ እናትዎም ካህናቱም ይሰረዛሉ። ካርዱ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። ከ2 ጊጋባይት በላይ የሚይዙት «ኤስዲኤችሲ» የተባሉት ካርዶች የመጡት በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ሪደሮች ሊያነቧቸው አይችሉም። የያዙትን ሪደር ይሞክሩ ወይም ከተማው ውስጥ ፎቶ ቤት ይጠይቁ። አዲስ ሪደር ይዘው የመጡት ለዚህ ነው።

የሕዝብ ኮምፒውተር ቫይረስ አያጣም። የካርዱ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ «ሎክ» ይግፏት፤ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ካርዱ ላይ ምንም መጻፍ አይችልም። ከዚያ ፎቶዎቹን «ከት» ሳይሆን «ኮፒ» አድርገው ፍላሽ ላይ ያኑሩ፣ ሁለት ሦስቱን ከፍተው ይዩ። ካርዱን አዲስ አበባ እስኪገቡ አያጽዱት፤ ቦታ ካነሰዎት ሌላ ካርድ ይግዙ።

ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ያነሷቸው ባልቴት «ፎቶዬን ስጠኝ ልጄ» ሊሉዎ ይችላሉ። ስልክ ላይኖራቸው ይችላልና የሰፈራቸውንና የደብራቸውን ስም፣ ደብዳቤ የሚቀበልላቸውንም ሰው ስም ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ፎቶውን አሳትመው ይላኩላቸው።