የእማዬ ማንጎና የጓሮው ዝንብ

ከሦስት ዓመት በፊት አዳማ ያለው የግቢያችን መጸዳጃ ጉድጓድ ሞላ። መንገዳችን ጠባብ ስለሆነ የመምጠጫው መኪና አይገባም፤ ሌላ ጉድጓድ ለመቆፈርም ቦታ የለም። “በዚህ ዕድሜዬ የጎረቤት ሽንት ቤት ልለምን ነው?” አለች እማዬ። አነጋገሯ እንቅልፍ ነሳኝ።

መላውን ያመጣው ዶሮ የሚያረባው ታናሽ ወንድሜ ነው። ሽንት ለብቻው የሚወርድበት፣ ዓይነ ምድር ደግሞ ክዳን ባለው ባልዲ የሚጠራቀምበት መቀመጫ ሠራ። ከዚያ አንድ ሳጥን ሙሉ የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ ይዞ መጣ።

“ዕድሜ ልካችንን ዝንብ ስናባርር ኖረን አሁን ልናረባ?” እማዬ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፈነች። እውነቱን ለመናገር እኔም ቀፎኝ ነበር።

“ይቺ የቤት ዝንብ አይደለችም እማ” አላት። ክንፍ ካወጣች በኋላ ምግብ ፍለጋ ቤት ውስጥ አትዞርም፤ እንቁላሏን ጥላ በጥቂት ቀናት ትሞታለች። የሚበላው እጩ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ከበላ በኋላ ይጠቁርና ደረቅ ቦታ ፍለጋ ራሱ ከሳጥኑ ወጥቶ ይሄዳል። ናይሮቢ ውስጥም ሳነርጂ የተባለው ድርጅት ከመንደር መጸዳጃ ቤቶች ይሰበስበው የነበረውን ዓይነ ምድር በዚሁ እጭ ያስበላ እንደነበር ነገረን።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን ጉድ አመጣ። ሳጥኑ ስለረጠበ እጮቹ በየአቅጣጫው እየወጡ እስከ ወጥ ቤት ደጃፍ ደረሱ። “ጉዳችንን ለጎረቤት ሊናገሩ ሄዱ!” ብላ እማዬ ጮኸች። ሰጋቱራ ስንጨምርበት ተረጋጉ። ቀስ በቀስ ሽታው ቀነሰ፤ ክምሩም አነሰ። የቀረው ጥቁር አፈር ይመስላል።

አንድ ቀን እማዬ ከዚያው በሳህን ዘግና ወደ ጎመን መደቧ ስትሄድ እጇን ያዝኩ። እጩ አንዳንድ ተህዋስያንን ቢቀንስም የወስፋት እንቁላልን አያጠፋም። ልጄ በወስፋት ስትሰቃይ ያየሁትን አልረሳሁም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መመሪያ ዓይነ ምድር ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ ስፍራ ከ1.5 እስከ 2 ዓመት፣ ሞቅ ባለ ስፍራ ደግሞ ከ1 ዓመት በላይ መከማቸት እንዳለበት ይናገራል። እኛ ረጅሙን መረጥን። በርሜል ውስጥ ከድነን ቀኑን ጻፍንበት። እጮቹንም ለዶሮ አልሰጠንም፤ ለዘር ብቻ አስቀረናቸው።

እማዬ መጀመሪያ አኮረፈች። ኋላ ግን “ጌሾ የጠነሰሰ ሰው መጠበቅ ያውቃል” ብላ በርሜሉን ራሷ ትጠብቅ ጀመር።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ዓመት ሞላው። ጓንት አድርገን ከፈትነው፤ ለጎመኑ ሳይሆን ለማንጎው ሥር ቀበርነው። እማዬ ዙሪያዋን ቃኘችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ “ሲያፈራ እንግዳ ከጠየቃችሁ፣ የጓሮ አፈር ነው በሉ” አለችን።