ድንጋዩን ከየት ነው የምታዝዙት?

ለአዲስ የጨው ውሃ አኳሪየም ላይቭ ሮክ ልታዝዙ ያሰባችሁ ወገኖች፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ትንሽ ታገሡኝ። ዓሣው ይደርሳል። ገንዳው የሚቆመው በድንጋዩ ነው።

ላይቭ ሮክ በአብዛኛው የሞተ ኮራል አፅም ነው። ኮራሉ ሲሞት ቤቱን ሌሎች ይወርሱታል፦ ሐምራዊ ቀለም የሚያለብሰው ኮራላይን አልጌ፣ ስፖንጅ፣ ትላትል፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ኮፔፖዶች። ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ግን ባክቴሪያዎቹ ናቸው። ዓሣ የሚያስወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። በድንጋዩ ገጽ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ኦክስጅን በማይደርስበት ውስጠኛ ቀዳዳ የሚኖሩት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ይሸኙታል። የጃካርታው ሊ ቺን ኢንግ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ገንዳዎቹ ሲጽፍ የተማመነው በዚሁ ድንጋይ፣ በአየር አረፋና በፀሐይ ብርሃን ነበር። ቀዳዳው የበዛ፣ ለመጠኑ ቀለል የሚል ድንጋይ ምረጡ የምለው ለእነዚሁ ባክቴሪያዎች ሲባል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ይህ ሁሉ ፍጥረት የሰፈረበት ድንጋይ ከባሕር ሲነቀል የሚነቀለው ሪፉ ራሱ ነው። ዓሣ የሚደበቅበት፣ አዲስ ኮራል የሚጣበቅበት መሠረት ነው የሚሄደው። ፊጂ ለብዙ ዓመታት ከዓለም ዋና ዋና ላኪዎች አንዷ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 መግቢያ ጀምሮ ግን ወደ ውጭ መላኩን ከለከለች። ፍሎሪዳ ቀድማ በክልሏ ባሕር አገደች፤ በፌዴራሉ የባሕር ክልልም እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ከተፈጥሮ ሪፍ ድንጋይ ማንሳት ክልክል ነው።

ፍሎሪዳ ከልክላ ብቻ አልቀረችም። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከየብስ የተፈለጠ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ወስደው በተመደበላቸው የባሕር ወለል ላይ ይዘረግፉታል። ሕጉ ድንጋዩ ከአካባቢው ተፈጥሯዊ ድንጋይ በግልጽ የሚለይ እንዲሆን ያዝዛል፤ ሪፍ ነቅሎ «ያለማሁት ነው» እንዳይባል። ከዚያ ዓመታት ይጠበቃሉ። ባሕሩ ሲያለብሰው ጠላቂዎች ያወጡታል። እኔ ያለማመንታት የምመክረው ይህንን ነው። እርግጥ ከፓስፊኩ ድንጋይ ይከብዳል፤ የማጓጓዣው ዋጋም ይሰማል። ካልቻላችሁ አብዛኛውን ደረቅ ድንጋይ ግዙና ጥቂት ሕያው ጨምሩበት። ሕይወቱ እንደ እርሾ ቀስ ብሎ ለሌላው ይዳረሳል።

ስለ መጠኑ የቆየው ልማድ ለአንድ ጋሎን ውሃ ከአንድ እስከ ሁለት ፓውንድ ይላል። ለእኔ ሁለቱ ይበዛል። ዓሣው የሚዋኝበት፣ ውሃውም በድንጋዩ ዙሪያ የሚዘዋወርበት ቦታ ያስፈልጋል።

ስታዝዙ ቀኑን አስቡበት። ዓርብ የተላከ ካርቶን ቅዳሜና እሑድን መጋዘን ውስጥ ሊያድር ይችላል፤ በውስጡ ያለው ደግሞ በየሰዓቱ እየሞተ ነው። በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ የሚመጣው ይረክሳል፤ በውሃ ውስጥ ሆኖ የሚመጣው ይወደዳል፤ ከነሕይወቱ የሚደርሰው ግን ይበልጣል። አየር ማረፊያ ሄዳችሁ መቀበል ከቻላችሁ ተቀበሉ። የጨው ውሃው ከአንድ ቀን በፊት ተበጥብጦ፣ መጠነ ክብደቱ 1.025፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይጠብቀው።

ካርቶኑ ሲከፈት መጀመሪያ አሽትቱት። የባሕር ሽታ ደግ ነው፤ የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ብዙ ሞቷል ማለት ነው። ግራጫ ሆኖ የሚያሙለጨልጭ ስፖንጅ ካያችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያሻችሁ በጨው ውሃ እጠቡት፤ የቧንቧ ውሃ አታስነኩት። ከዚያ ፓምፕና ማሞቂያ ባለው በርሜል ውስጥ፣ በጨለማ ይቆይ። አሞኒያው ይወጣል፣ ናይትራይቱ ይከተላል። ሁለቱም ዜሮ እስኪሆኑ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ እስከዚያ ዓሣ አይገባም።

ማታ ማታ በቀይ ባትሪ እዩት። ከቀዳዳው ውስጥ ቀጫጭን የኮከብ ዓሣ ክንዶች ወጥተው ወለሉን ሲዳስሱ ታያላችሁ። ፀጉራሙን ትል አይታችሁ አትደንግጡ፤ ትርፍራፊ እየበላ ያጸዳል፣ ብቻ በባዶ እጅ አትንኩት። አይፕቴዢያ የሚባለውን ቡናማ የባሕር አኒሞን ግን ከድንጋዩ እየቆረጣችሁ አትጣሉት፤ ከቀረችው ቁራጭ ተመልሶ ይበዛል።

ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ድንጋዩ ከየትኛው ባሕር ወጣ? በማን ፈቃድ ለማ? ከውጭ የገባ ከሆነም ኮራል የሚመለከተውን የሳይቲስ (ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ወረቀት ያሳያችሁ። በቀጥታ ካልመለሰላችሁ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።