ለእንጦጦ የተሳለ ሞተር አዋሽ ላይ ያንኳኳል!

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ ሾፌር ሁሉ አንድ የጋራ ጸሎት አለው። “ብቻ መሀል ላይ እንዳትጥለኝ!” ዳገቱ ሲጠና ሁለተኛው ማርሽ ወደ አንደኛ ይወርዳል፣ ሞተሩ ያቃስታል፣ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጥሩንባውን ያቀልጠዋል። ባለመኪናው ታዲያ ላቡን እየጠረገ መካኒኩን ይረግማል። ውድ አንባቢያን፣ መካኒኩን ለመርገም አይቸኩሉ። ከጥፋቱ ብዙውን የሚሸከመው ተራራው ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተንጠልጥላ ያለች ከተማ ነች። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። እንጦጦ አናት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲደርሱማ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን በግድ ጠቅጥቆ ያስገባል። የእኛዎቹ ዲኤክስና ላዳ ግን በራሳቸው ሳንባ የሚተነፍሱ ናቸው። ያገኙትን ስበው ባገኙት ልክ ይሠራሉ። ስለዚህ ፋብሪካው 60 ፈረስ ብሎ የጻፈለት ሞተር እዚህ የሚውለው 45 ገደማ ሆኖ ነው። አንድ አራተኛው ጉልበት ሳይነዳ ያለቀ ማለት ነው!

ይህን የጎደለ ለመመለስ በየጋራዡ የሚነገረው መድኃኒት “ኮምፕሬሽን መጨመር” ይባላል። ፒስተኑ አየርና ቤንዚኑን ጨምቆ የሚያስገባበትን ጉድጓድ ማጥበብ ነው። ጉድጓዱ በጠበበ ቁጥር እሳቱ ፒስተኑን ይበልጥ ይገፋዋል። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን አሮጌ ሞተር ማባበል የብዙዎች ጉዳይ ሆኗል። ታዲያ መድኃኒቱ ይሠራል? ይሠራል... ግን መጠን አለው፤ ቁልቁለትም አለው።

ሶማሌ ተራ፣ የቴስታታ ገበያ

ገበያውን ለማየት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ መውረድ ነው። መሬቱ ለዘመናት በፈሰሰ ዘይት ጠቁሯል። ካልተጠነቀቁ ጫማዎ ያንሸራትታል። በአንድ በኩል በር ብቻ፣ በሌላ በኩል መብራት ብቻ፣ ወረድ ሲሉ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሞተሮች ተደርድረዋል። “ምን ጠፋ ወንድሜ? ቴስታታ ነው? ኦርጅናል አለ!” የሚል ደላላ እጅዎን ይዞ ይጎትታል።

እዚህ ላይ አንድ ምክር። አሮጌ ቴስታታ ሲገዙ ውፍረቱን ሳያስለኩ ገንዘብ አይክፈሉ። መኪና ውሃ ጨርሶ ሲግል ቴስታታው ይጣመማል፤ የተጣመመው ደግሞ ቶርኖ ቤት ገብቶ ይላጫል። ከዚያ ተሸጦ ሌላ መኪና ላይ ይገጠማል፤ እዚያም ሲግል እንደገና ይላጫል። እርስዎ ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ የተላጨ ሊሆን ይችላል። “ኮምፕሬሽን ልጨምር” ብለው ሦስተኛ ቢያስላጩት የሚተርፍዎት ቅጠል ነው!

“መጀመሪያ ያላትን እንይላት”

ወደ ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ በሥራው የተመሰከረለት ሽማግሌ መካኒክ አለ። አንድ ወጣት ባለታክሲ መጥቶ “ጋሼ፣ ቴስታታዋን ላጭልኝና ትብረር!” ሲለው፣ መካኒኩ መፍቻውን አስቀምጦ “ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ያላትን እንይላት” አለው። አራቱንም ካንዴላዎች ፈትቶ የኮምፕሬሽን መለኪያውን በየተራ ገጠመ። ሦስቱ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ አሳዩ። አንዱ ስድስት!

ልጁ ደነገጠ። “መጽሐፉ 12 መሆን አለበት ይላል! ሁሉም ሞቷል ማለት ነው?” ሽማግሌው ሳቀ። መጽሐፉ የተጻፈው ባህር ዳር ላለ ሰው ነው። እዚያ 12 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ዘጠኝ ቢያሳይ ደህና ነው፤ ሦስት አራተኛው ማለት ነውና። ይህን ሳያውቁ ስንትና ስንት ጤነኛ ሞተር “ሞቷል” ተብሎ ወርዷል! ዋናው ነገር አራቱ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። በመካከላቸው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ የሚበልጥ ልዩነት ካለ በሽታ አለ።

በሽታውን መለየትም ወጪ የለውም። ደካማው ሲሊንደር ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከጨመረ የፒስተን ፋሻው አልቋል። ካልጨመረ ቫልቩ አይዘጋም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወደቁ ደግሞ በመሀላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ይሆናል። የወጣቱ መኪና ቫልቭ ነበር። ቫልቩ ተፈጭቶ፣ ጥላሸቱ ተጠርጎ ሲገጠም ልጁ የፈለገውን ጉልበት ያለ ብዙ መላጨት አገኘ። የጠፋውን መመለስ አዲስ ከመጨመር ይረክሳል።

በስሪንጅ የሚለካ ጉልበት

“እኔ ግን አሁንም እጨምራለሁ” ለሚሉ ሒሳቡን እንቁጠረው። የዲኤክሷ 1,290 ሲሲ ሞተር ፒስተን 75 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ጉዞው 73 ነው። አንዱ ሲሊንደር 322 ሲሲ ይይዛል ማለት ነው። ኮምፕሬሽኑን 9 ለ 1 ብንል፣ ከላይ የሚቀረው የማቃጠያ ቦታ 40 ሲሲ ገደማ ነው። ቴስታታው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢላጭ 4 ሲሲ ያህል ይቀንሳል። ቦታው 36 ሲሆን ኮምፕሬሽኑ ወደ 10 ለ 1 ይወጣል።

ትርፉስ? ሦስት በመቶ ገደማ። ከ45ቱ ፈረስ አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። ቤንዚኑም በዚያው ልክ ይቆጥባል። ተራራው የወሰደው 25 በመቶ፣ መላጨቱ የሚመልሰው ሦስት! ስለዚህ ለዚህ ብቻ ብሎ ሞተር መክፈት ኪሳራ ነው። ግን ጓርኒሲዮን ለመቀየር ወይም ቫልቭ ለማስፈጨት ቴስታታው ከወረደ አይቀር፣ የቶርኖ ቤቱን ብቻ ከፍሎ ግማሽ ሚሊ ሜትር ማስላጨት ያዋጣል።

ሥራው ሲሠራ አጠገቡ ይቁሙ። ከፋርማሲ ስሪንጅ ገዝተው፣ ቴስታታውን ገልብጠው፣ ካንዴላና ቫልቮቹ እንደተገጠሙ እያንዳንዱን ጉድጓድ በላምባ ሞልተው ስንት ሲሲ እንደያዘ ይጻፉ። አራቱ እኩል መሆን አለባቸው። ፒስተኑ አናት ላይ ትንሽ የልጆች ፕላስቲን ለጥፎ ሞተሩን በእጅ ማዞርም ቫልቭና ፒስተን ይነካኩ እንደሆነ ያሳያል። ላዳን የመሰለ ካምሻፍቱ ቴስታታው ላይ የተቀመጠ ሞተር ሲላጭ የሰንሰለቱ ልክም ይዛባል። መካኒክዎ ይህን ካላነሳ፣ እርስዎ ያንሱ።

ቁልቁለቱ ሲጀመር

አሁን ወደ ምሥራቅ እንውረድ። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተውን የፍጥነት መንገድ ይዘው ቢሾፍቱን፣ ሞጆን አልፈው አዳማ ሲገቡ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነዎት። ወለንጪቲን አልፈው መተሃራ ሲደርሱ የፈንታሌ ተራራ በአንድ በኩል፣ የበሰቃ ሐይቅ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ያገኙታል። ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ወርዷል። መስኮት ሲከፍቱ የሚገባው አየር የምጣድ ትንፋሽ ነው። መኪናዋ ግን ደስ ብሏታል! የአየሩ ግፊት ከአዲስ አበባው በአንድ አምስተኛ ይበልጣል። ሳንባዋ ሞልቶ ትከንፋለች።

ጉዱ የሚፈላው ሲመለሱ ነው። ከመተሃራ ወደ አዳማ ዳገቱ ይጀምራል፤ ጭነት አለ፣ ሙቀት አለ፣ አየሩ ወፍራም ነው። አዲስ አበባ ላይ ስስ አየር ሸፍኖለት የነበረው የተላጨ ቴስታታ እዚህ ይጋለጣል። የተጨመቀው ቤንዚን የካንዴላውን እሳት በሥርዓት ከመጠበቅ ይልቅ በሙቀት ብቻ በራሱ ይፈነዳል። በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚንቀጫቀጭ ያለ ድምፅ ይሰማል። ሞተር ያንኳኳል የሚባለው ይህ ነው።

አንድ የዲኤክስ ባለቤት ሁለት ጊዜ ያስላጫትን መኪና ይዞ፣ ሰርግ የሚሄዱ ዘመዶቹን ጭኖ አዋሽ ወርዶ ነበር። ሲመለስ ድምፁን ሰማ። “የጎማ ጠጠር ነው” ብሎ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። ወለንጪቲ ሳይደርስ ነጭ ጭስ! ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ፣ የአንዱ ፒስተን አናት ተሰነጣጥቆ ተገኘ። አምስት ሰው የሚበላበት መኪና ሁለት ወር ቆመ። ለሦስት በመቶ!

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከከተማ የማይወጡ ከሆነ ጥቂት መጨመር አይጎዳዎትም። ዓመት በዓል ሲመጣ ቆላ የሚወርዱ ከሆነ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትሩም ይበቃል። ከመውረድዎ በፊት መካኒኩ ዲስትሪቢዩተሩን ትንሽ ወደ ኋላ ይመልስልዎት። መንገድ ላይ ጠጠሩ ከተንቀጫቀጨ ነዳጁን ለቀቅ፣ ማርሹን ወረድ፣ ሙቀት መለኪያውን አየት ያድርጉ። ካልተወ ጥላ ፈልገው ይቁሙ። ሬዲዮውንም ያጥፉት፤ ሞተርዎ እየተናገረ ነውና!