ከባለ እጁ ጋር የሚቀበር ሙያ

እ.ኤ.አ. በጥር 1932 ዲትሮይት ውስጥ 33 መሐንዲሶችና መካኒኮች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። ጊዜውን ልብ በሉልኝ። በ1929 ከ5 ሚሊዮን በላይ መኪና ያመረተችው አሜሪካ በ1932 የሠራችው ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በታች ነው። ማኅበሩ ከተመሠረተ ብዙም ሳይቆይ ከዚያው ከዲትሮይት ሥራ ያጡ ሰዎች ወደ ፎርድ ፋብሪካ ሰልፍ ወጥተው ጥይት ተተኩሶባቸው ሞተዋል። መቼም በእንዲህ ያለ ዘመን ሰው ቢሰበሰብ ስለ እንጀራው ነው። እነዚህ የተሰበሰቡት ግን ስለ ሙያቸው ለመነጋገር ነበር።

ስሙን «የመሣሪያ መሐንዲሶች ማኅበር» አሉት። መሣሪያ ሲባል ጠመንጃ እንዳይመስላችሁ! የመኪና በር ሺህ ጊዜ ተጨፍልቆ ሺውም አንድ ዓይነት እንዲወጣ ቆርቆሮውን የሚጫነውን ቅርጽ ማውጫ፣ ብረቱ ሲበሳ ንቅንቅ እንዳይል የሚይዘውን ማሰሪያ፣ ልኩን የሚፈትሸውን መለኪያ የሚነድፍ ሰው አለ። የመኪናው ስም በዓለም ሲጠራ እሱን የሚያነሳው የለም።

እኛም ሠፈር ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋሼ የምላቸው የቶርኖ ባለሙያ ነበሩ። የተሰበረ ጥርስ ይዘው ቢሄዱ አዲስ አስመስለው ይሰጡዎታል። ታዲያ ሌላ የቶርኖ ሰው ብቅ ካለ ማሽኑን አጥፍተው ሥራውን በጨርቅ ይሸፍናሉ። «ያሳየሁት ነገ ደጄ ላይ ሱቅ ይከፍታል» ይሉ ነበር። አልፈርድባቸውም። የደከሙበትን የሚያስከብርላቸው ማን ነበር? የእሳቸው ማኅበር እድራቸው ብቻ ነው፤ እድር ደግሞ ሬሳውን እንጂ ሙያውን አይረከብም።

የዲትሮይቶቹ ፉክክር ከዚህ የባሰ እንጂ ያነሰ አይመስለኝም። ሆኖም ማኅበራቸው በ1949 የመሣሪያ መሐንዲሶችን መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ። አንዱ በአንዱ ጓዳ ሲሠራ የኖረውን ሌላው ከመደርደሪያ አውርዶ እንዲያነበው ማለት ነው። በኋላ ማኅበሩ ስሙን ወደ አምራች መሐንዲሶች ማኅበር ቀየረ። እውነቱን ለመናገር እኔ የድሮውን ስም እወደዋለሁ፤ ግራሶ ግራሶ ይሸታል።

ጋሼ ካረፉ በኋላ ልጃቸው ማሽኑን ሸጦ ሱቁን አከራየው። ዕቃ ሲያወጣ ከጠረጴዛው ሥር በዘይት ጨርቅ የተጠቀለሉ፣ በእጅ የተሠሩ ብረቶች አገኘ። የምን ማሰሪያ፣ የምን መለኪያ እንደሆኑ የሚነግረው ሰው አጥቶ በኪሎ ሸጣቸው።