ተኩስ ለማን ነው መዝናኛ?

ልጆች ሆነን ሰፈር ቪዲዮ ቤት ራምቦን ስናይ የምናጨበጭበው ለጡንቻውና ለመትረየሱ ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ግን ከቬትናም ተመልሶ መኖር ያቃተው ወታደር ታሪክ ነው። መጨረሻው ላይ ራምቦ የቀድሞ አዛዡ ፊት ያለቅሳል። ጦርነትን ለማናውቀው ለእኛ ግን ያ ለቅሶ የፊልሙ አሰልቺ ቦታ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. በጀመረው የሰሜኑ ጦርነት የዘመቱ ሁለት ወንድማማቾች አውቃለሁ። ታላቁ ተኩስ ያለበት ፊልም ሲከፈት ተነስቶ ይወጣል። ታናሹ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሚያየው የጦርነት ፊልም ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ፊልም ላይ እኮ ቢያንስ ያልቃል» አለኝ።

ታላቁ ፈሪ አይደለም፤ ታናሹም ጨካኝ አይደለም። ሁለቱም ያሳለፉትን የሚችሉበት መንገድ ነው። ልዩነቱ፣ ቤት ውስጥ ሁለቱም ምርጫ አላቸው። ክፍለ ሀገር አውቶብስ ላይ ግን ረዳቱ የከፈተውን ፊልም ሁሉም ተሳፋሪ እስከ መድረሻው ይሰማዋል። አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ምን አይቶ እንደመጣ አናውቅም። ስለዚህ «ድምፁን ቀንሱልኝ» የሚል ሰው ሲገጥመን አንሳቅበት፤ አብረነው «ቀንሱ» እንበል።