ሳይነስ የሌለው ሰው

«ሳይነስ አለብኝ» እንላለን፤ ሳይነስ የሌለው ሰው ያለ ይመስል። ሳይነስ ማለት በግንባር፣ በጉንጭና ከአፍንጫ ኋላ ያሉ አየር የያዙ ክፍተቶች ናቸው። የሚታመሙት መውጫቸው ሲደፈን ነው። የኔን የደፈነው ፖሊፕ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ስጋ ነበር። በባህር ዛፍ ብታጠንም፣ የሚረጭ መድኃኒት ብጠቀምም አልለቀቀኝም። ከሁሉ የከፋኝ ሽታ ማጣቴ ነው፤ ቡና ሲቆላ ጭሱን አያለሁ እንጂ አይሸተኝም።

ሐኪሟ «ፊትሽን አንቀድም» አለችኝ። በሙሉ ማደንዘዣ ተኝተሽ፣ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ በአፍንጫ ገብቶ መንገዱን ይከፍታል። ዓይንና አንጎል የቅርብ ጎረቤት፣ የሚለያቸውም አጥንት ስስ ስለሆነ ቀድሞ ሲቲ ስካን ግድ ነው።

ህመሙ ከፈራሁት አነሰ። የከበደኝ ቀጥሎ የመጣው ነው፦ ደም የቀላቀለ ንፍጥ፣ በአፍ መተንፈስ፣ ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት። ለጊዜው መናፈጥ ክልክል ነው፤ ማስነጠስ ከመጣም አፍ ከፍቶ። ከዚያ በየቀኑ በጨው ውሃ ማጠብ፤ ውሃውም ፈልቶ የቀዘቀዘ። ፖሊፕ ተመልሶ ሊያድግ ስለሚችል የሚረጨው መድኃኒት ይቀጥላል። ቀዶ ጥገናው በር ይከፍታል እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅልም።

ሽታሽ ይመለሳል ብሎ ቃል የገባልኝ የለም። በአምስተኛው ሳምንት ታክሲ ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ብርቱካን ስትልጥ ሸተተኝ። ቡናው ገና ነው።